አራት ስም፣ ሁለት ሰው

ሰኞ፣ ወር በገባ በ3

ዛሬ የነርሶች ኃላፊ ሆንኩ። ደብዳቤው «ተጠባባቂ» ይላል። ባለቤቴ «ተጠባባቂ ማለት ሥራው ሙሉ፣ ወንበሩ ግማሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአልጋ አልጋ ስዞር ኖሬ ዛሬ በር ያለው ቢሮና ቁልፍ ያለው መሳቢያ ተሰጠኝ። ጡረታ የወጡት ኃላፊ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከሰዉ ይልቅ ወረቀቱ ነው የሚያደክምሽ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው ስል ለስንብቱ ፎቶ ጎትተው ወሰዷቸው።

ደስ ብሎኛል። ደብተር የጀመርኩት ይህንኑ ለመጻፍ ነው። ተመስገን።

ረቡዕ፣ በ5

መመሪያውን ሁለቴ አነበብኩት። የወጣው አምና ነው፤ ቁጥጥሩ የሚጀመረው ዘንድሮ። ሆስፒታል ሁሉ ስንት ነርስ የት እንደሚመድብ በጽሑፍ ያቅዳል። እቅዱ የሚሠራው በአልጋ ብዛት ሳይሆን በሕመምተኛው ክብደት ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ ከስድስት ሰው በላይ አትይዝም። ሁለት ፈረቃ አያይዞ መሥራት ክልክል ነው። በየፈረቃው የገቡት ነርሶች ቁጥር ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል፣ አስታማሚ ገብቶ ሲወጣ እንዲያየው።

ይህቺን የመጨረሻዋን ሳነብ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ «ነርሷ የት ሄደች?» እያልኩ ኮሪደር ለኮሪደር ስሮጥ ያደርኩት ትዝ አለኝ። ይህን የጻፈ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ቀን ደወል ተጭኖ የሚመጣ አጥቶ ያውቃል። እጁ ይባረክ።

ከዚያ ካልኩሌተር አወጣሁ። አርባ ሰባት ነርስ አለን። በመመሪያው መሠረት ስልሳ አራት ያስፈልገናል። ሦስት ጊዜ ደመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ አሥራ ሰባት ሰው ጎደለ።

ዓርብ፣ በ7

ሥራ አስኪያጁ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። ቁጥሬን አሳየኋቸው።

«አሥራ ሰባት ሰው ከየት ላምጣልሽ? ሦስት ጊዜ ቅጥር ጠይቄ ሦስቱንም ጊዜ ‹ጠብቁ› ተብያለሁ።»

የቀዶ ሕክምናን የምሽት ሰሌዳ ገለጡና ጣታቸውን ሁለት ስም ላይ አሳረፉ። አንደኛዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ሁለተኛው ሥራ ከለቀቀ ወር አልፎታል።

«እነዚህ እዚሁ ይቆዩ።»

«የሉም እኮ።»

«በወረቀት አሉ። እሷ ትመለሳለች፣ እሱም መልቀቂያውን ገና አልጨረሰም። ቁጥጥሩ ይለፍና በእርጋታ እናስተካክለዋለን። አለበለዚያ አልጋ ዝጉ ይሉናል። አልጋ ሲዘጋ ከበር የሚመለሰው ማነው ሲስተር? ሌላ መሄጃ የሌለው ነው።»

እውነታቸውን ነው። እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር፣ ከበር የሚመለሰውን ሰው። ፈረምኩ።

ለአንድ ወር ነው። የድሮ ሰሌዳዎችን ሳገላብጥ ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲያደርጉ እንደኖሩ አየሁ። ደግሞ ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ፣ በ13

ሩጫ። ሁለት ነርሶች ታመሙ። ሕፃናት ክፍል ራሴ ገባሁ። ምሳ የለም። ማታ ቀዶ ሕክምና ሁለት ብቻ። አለፈ። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ በ18

ጸጥታ መጣች። እንዲህ የምንጠራት አስታማሚ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስለምታደርግ ነው። የቀዶ ሕክምና የምሽት ፈረቃ ኃላፊ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እጇ ግን የስልሳ ዓመት ነርስ እጅ ነው፤ የጠፋ ደም ሥር በዳበሳ ታገኛለች።

ሳትቀመጥ «ሲስተር፣ ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ሰው ይቀደዳል፤ ማታ ያ ሁሉ ሰው ለሁለታችን ነው። ሰሌዳው ላይ ግን አራት ነን» አለች።

«አውቃለሁ። ትንሽ ታገሺኝ።»

«እኔ እታገስሻለሁ። በሽተኛው ነው የማይታገሰው።»

ትንሽ ቆጣ አልኩባት። ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ ድምፄ ተለውጧል ልበል? ከሄደች በኋላ ከመሳቢያዬ ብስኩት አውጥቼ ላኩላት። የላከችልኝ መልስ «አመሰግናለሁ፣ ግን ነርስ ብትልኪልኝ ይሻል ነበር» የሚል ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ በ20

ለሐሙስ ማታ ሰው ለመለመን አሥራ አንድ ስልክ ደወልኩ። አንዷ «እሺ» አለች። ሦስት ሆኑ። እግዜር ይስጣት፣ ከልጇ ልደት ላይ ተነስታ ነው የመጣችው። ስሟን በልቤ ጽፌዋለሁ።

ቅዳሜ፣ በ29

ባለቤቴ ከሩቅ መንገድ ገባ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጫማውን፣ ቀጥሎ መነጽሩን፣ ከዚያ ወሬውን ነው። ዛሬ ግን እኔን እኔን ያየኛል።

«ከሳሽ።»

«ሥራ ነው።»

«እንቅልፍሽ ውስጥ ‹አራት፣ አራት› ትያለሽ።»

ሻዩን ቀዳሁለትና ስኳሩን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ አዲሱ ወር በገባ በ4

አዲሱን ወር ፈረምኩ። ያው ሁለቱ ስሞች። ጸጥታ ዛሬም መጣች፤ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። «በጽሑፍ ላቅርበው?» አለች። «አታቅርቢ፣ እኔ ይዤዋለሁ» አልኳት። ይዤዋለሁ እኮ።

ዓርብ፣ በ12

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገባሁ፤ መተኛት አልቻልኩም። እንደሆነው ልጻፈው።

ትናንት ሐሙስ ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ አንጀታቸውን ተቀደዱ። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። አልጋ አሥራ አራት ተኙ። በየግማሽ ሰዓቱ የደም ግፊታቸው እንዲለካ ታዟል። ማታ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ሕመምተኛ ነበር። ነርሶቹ ጸጥታና አንድ ባልደረባዋ ናቸው። ልለምናቸው የደወልኩላቸው ሁሉ አልቻሉም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ባልደረባዋ አንዱን በሽተኛ ይዞ ራጅ ክፍል ወረደ። ወዲያው ዳር ላይ ያለች ሴት ትንፋሽ አጠራት፤ ጸጥታ ኦክስጅን ይዛ እሷ ጋ ሮጠች። ሴትዮዋን መተው አትችልም ነበር። ሃያ አንድ ሰው ያለ ነርስ ቀረ።

የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ሬዲዮ በዚያው ሰዓት ወለል ይወለውሉ ነበር። ሬዲዮ ያልናቸው ወሬ ስለማያሳድሩ ነው፤ ማን ታጨ፣ ማን ተዛወረ፣ የማን ሐሞት ጠጠር ወጣ፣ ሁሉም ከእሳቸው ይሰራጫል። አልጋ አሥራ አራት ሥር መወልወያውን ሲያስገቡ ቀልቶ ወጣ። ቀና ሲሉ ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ለብሰው ተኝተዋል። ደሙ በፋሻው፣ በአንሶላው፣ በፍራሹ አልፎ ነው የወረደው።

«እኔ ነርስ አይደለሁም፤ ግን ሰው ሲተኛና ሰው ሲሄድ ለይቼ አውቃለሁ» አሉኝ በኋላ። መወልወያውን ጥለው ጮሁ። በዚያ ክፍል ያለ ጸጥታ ፈቃድ የተጮኸው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

ስልክ ሲደርሰኝ ቤት ነበርኩ። በቤት ነጠላ ጫማ ነው የሄድኩት። ስደርስ ሰውዬውን መልሰው ወደ ቀዶ ጥገና አስገብተዋቸዋል። ጸጥታ ግድግዳ ተደግፋ ካርዳቸውን ይዛለች። የመጨረሻው የግፊት ልኬት ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በፊት የተጻፈ ነው። አላለቀሰችም። «ሲስተር፣ አልደረስኩም» ብቻ አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሐኪሙ ወጣና ጭንብሉን አወረደ። «ተረፉ። አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ግን ሌላ ነበር የምነግራችሁ።»

የልብስ ሰፊው ሚስት እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። «እናንተ ባትኖሩ!» ትለኛለች። «እናንተ ባትኖሩ!»

እትዬ ሬዲዮን አቅፌ ቆምኩ። በረኪና በረኪና ይሸታሉ። ምን ሽቶ ከዚያ ይበልጣል።

አምላኬ፣ ስለ መወልወያው አመሰግንሃለሁ። ሌላውን ነገ።

ቅዳሜ፣ በ13

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፣ ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው። ለሙያ ፈቃድ ሰጪው የሚላክ ነው።

«በፈረቃው አራት ነርሶች ተመድበው ሳለ፣ ኃላፊዋ ነርስ በቸልተኝነት የታዘዘውን ክትትል ሳታደርግ...»

አራት የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

«ፈቃዷ ይታገዳል» አልኩ።

«ስድስት ወር ቢሆን ነው። ወጣት ናት፣ ትነሳለች። አንቺና እኔ ከወደቅን ግን ሆስፒታሉን ማን ይይዘዋል?»

«እስከ ሰኞ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ወጣሁ። ለምን «አይሆንም» አላልኩም? ደክሞኝ ነበር። እሱን እዚህ ስጽፍ ስንተኛዬ ነው?

እሑድ፣ በ14

ባለቤቴ ዛሬ አልነዳም። እራት ላይ ሁሉንም ነገርኩት። ሁሉንም ሳይሆን፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ጸጥታ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ሰሌዳው ላይ ስላሉት የሌሉ ሁለት ስሞች። በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ እጁን እያደራረቀ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«እኛን መንገድ ላይ ያስቆሙናል» አለ። «መዝገብ አምጣ ይላሉ። ሁለት ሹፌር ተብሎ አንድ ከተገኘ አውቶቡሱ ንቅንቅ አይልም። ተሳፋሪው እኔን ይሰድበኛል፣ እናቴን ይሰድባል፣ ሻንጣውን ያወርዳል። ግን በማግስቱ ቤቱ ይገባል።»

«የኛ እንደሱ አይደለም።»

«እሺ። እነዚያን ሁለት ስሞች ሰሌዳው ላይ ማን አስቀመጣቸው?»

«ድሮም ነበሩ።»

«የዚህን ወር ነው የጠየቅኩሽ።»

መብራት ሳላበራ መኝታ ቤት ብዙ ቆየሁ። ሲገባ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ሳበልኝና ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ፣ ተኝቷል ብዬ እንዳስብ። እንዳልተኛ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፤ አንድም ቀን አንገቴን አስደፍቶኝ አያውቅም። ዛሬም አላስደፋኝም። ራሴ ነኝ የደፋሁት።

ሰኞ፣ በ15

ጻፍኩት። በመመሪያው መሠረት ከባድ ጉዳት በአምስት ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይገለጻል፤ በፈረቃው በአካል የነበሩት ነርሶች ቁጥር አብሮ ይጻፋል። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። የመጀመሪያው ላይ «በነበረው ክፍተት ምክንያት» ብዬ ነበር። ሁለተኛው ላይ «በአሠራር ልማድ»። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ሰሌዳው ላይ አራት ስም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። ሁለቱ እንደማይኖሩ እያወቅሁ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ኃላፊዋ ነርስ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች።»

ለሥራ አስኪያጁ ቅጂውን በእጄ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም፣ ያ የባሰ አስፈራኝ።

«አንቺ ራስሽን ሰቀልሽ፣ እኔንም ጎተትሽኝ።»

«የእርስዎን ስም አልጻፍኩም።»

«ይጠይቁሻል።»

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ሦስት ጊዜ ቅጥር መጠየቅዎንም እናገራለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሬዲዮ ባልዲያቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ያ ወሬ የማያሳድር አንደበት ሩብ ሰዓት ሙሉ ዝም አለልኝ። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ከማን አግኝቼ አውቃለሁ?

ማክሰኞ፣ በ16

ለጸጥታ ነገርኳት። ጽሑፉን አነበበች። ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ከዚያ ፈረቃ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ማውለቅ አቅቶኝ መሬት ላይ ተኛሁ» አለች። «‹እኔ ነኝ የገደልኩት› እያልኩ። ሰውዬው ቢተርፍም ‹ገደልኩት› እያልኩ ነበር። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ይቅርታሽን እቀበላለሁ። ግን ዛሬ አይደለም።»

ልክ ናት። ማን ቸኩሎ ይቅር ይላል? ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ቁጣዋም አመሰግናታለሁ፤ እንደ ታላቅ ሰው አክብራ ነው የተቆጣችኝ።

ረቡዕ፣ በ17

ልብስ ሰፊው ዛሬ ቁጭ ብለው ሾርባ ጠጡ። ሚስታቸው ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።» ነገርኳቸው፤ እንደጻፍኩት፣ ሳልቀንስ።

የሾርባውን ሳህን ወደ ጎን አደረጉ። ከዚያ «ወጣት ሳለሁ ለአንድ ሙሽራ ሱሪ ሰፋሁ» አሉ። «ክር ቆጠብኩ፤ ድርብ መስፋት ሲገባኝ ነጠላ። ሰውዬው ለጭፈራ ጎንበስ ሲል ከኋላው ቷ! አለ። በሠርጉ ቀን! እስከዛሬ መንገድ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ፤ ይኸው አርባ ዓመት።» ሊስቁ ሲሉ ስፌቱ አመማቸውና ሆዳቸውን ያዙ። «አንቺ መንገድ አልቀየርሽም። መጣሽ።»

«ይቅር ይሉኛል?»

«ሆዴ ይዳን እስቲ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። እስከዚያ ግን እዚህ ክፍል ሰው ጨምሩ።»

ማክሰኞ፣ በ23

ተቆጣጣሪዋ መጣች። መኪና አጅቧት፣ ፋይል አሸክማ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። በእግሯ መጣች፤ ጫማዋን ሳይ ነርስ እንደነበረች አወቅሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ወፍራም ሶል ሌላ ሰው ገዝቶ አያደርግም። ለአራት ሰዓት ወረቀት አልነካችም። ክፍሉ ውስጥ ቆማ ደወል ሲጮህ ሰዓቷን ታያለች፣ ነርስ ስትደርስ እንደገና ታያለች፣ ትጽፋለች። አስታማሚዎችን «ነርስ ብትፈልጉ የት ትሄዳላችሁ?» እያለች ጠየቀች። አንዷ «ሬዲዮን ነው የምንልክ» ብላ አረፈችው።

ከዚያ ቢሮዬ ገባች።

«ይህን ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«ሁለቱ እንዳልነበሩ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ፈረምሽ?»

ደክሞኝ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። «ወንበሩን ወድጄው ነበር» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ለራሴም እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም።

ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔም ፈርሜ አውቃለሁ፣ ከብዙ ዓመት በፊት» አለች። «የእኔዋ በሽተኛ ግን አልተረፈችም። መመሪያው ሲረቀቅ ከተቀመጡት አንዷ ነበርኩ። ቁጥሩ በር ላይ ይለጠፍ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ተከራከርኩበት።» ተነስታ ወረቀቷን ሰበሰበች። «ይህ ግን ከቅጣት አያድንሽም።»

«እንዲያድነኝ አልፈልግም» አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ፈልጌ ነበር። ያም ሆኖ ከሄደች በኋላ ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን በልቼ ጨረስኩ።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ወር በገባ በ9

ውሳኔው ደረሰ። የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለው ነርስ ልክ ወደ አሥራ ሁለት አልጋ ይወርዳል፤ የማያስቸኩል ቀዶ ጥገና ይዘገያል። ለሆስፒታሉ የስልሳ ቀን የእርምት ጊዜ። ግማሹ አባል አልጋ ዳር የሚሠራ ነርስ የሆነ የምደባ ኮሚቴ ይቋቋማል። የገቡት ነርሶች ቁጥር በየፈረቃው ተለጥፎ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ቆጥረው ይፈርማሉ። ጸጥታ ነፃ።

እኔ፦ ከሙያ ፈቃዴ ጋር ተያይዞ ለአንድ ዓመት የሚቆይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ከኃላፊነት መነሳት፤ ወደ ክፍል ሥራ መመለስ።

መሳቢያውን ባዶ አደረግኩ። ብስኩት፣ ካልኩሌተር፣ አንድ ጥንድ ካልሲ። ከሁለት ወር እምብዛም ያላለፈ ሹመት በአንዲት ፌስታል ገባ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። በር ያለው ቢሮ ደስ ይላል። ባለቤቴ ሊወስደኝ መጥቶ ፌስታሉን ተቀበለኝና «ይኼው ነው እንዴ? እኔ ጭነት መኪና ልለምን ነበር» አለ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ዛሬ ከበር የተመለሱ አራት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን በስልክ ሌላ ሆስፒታል አስገባን። ሁለቱ ቀጠሮ ይዘው ሄዱ። አንደኛው፣ እጁን በፋሻ ያሰረ አናጢ፣ «አልጋው ባዶ ሆኖ እያየሁት?» አለኝ። ባዶው አልጋ ሳይሆን ባዶው የነርስ ወንበር ነው የከለከለህ ብዬ ማስረዳት አልቻልኩም። ይህም በእኔ ሒሳብ ላይ አለ፤ ማመስገኔ እንዳያስረሳኝ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ በ14

ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገቡ፣ ሊቆጥሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም አይሉኝም ነበር። «አንድ፣ ሁለት» ብለው ፈረሙ። ሊወጡ ሲሉ ተመለሱ።

«አሥራ አንድ ሰው ተፈቀደ። የተቆጣጣሪዋን ውሳኔ አያይዤ ነው ያስገባሁት። ለሦስት ጥያቄ መልስ ያልሰጡኝ ሰዎች በአራት ቀን ፈረሙ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እንዳታስቢ፣ ተቀይሜሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«በጣም።» ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ለእትዬ ሬዲዮ ባልዲ መንገድ ለቀቁላቸው። ድሮ ባልዲው ነበር የሚለቅላቸው።

ሐሙስ፣ በ16

የኮሚቴ ምርጫ። ነርሶቹ ጸጥታን መረጡ፣ በሙሉ ድምፅ። ሁለተኛ ሰው ሲባል ጸጥታ እጇን አውጥታ የእኔን ስም ጠራች።

«የውሸት ሰሌዳ እንዴት እንደሚሠራ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አለ?» አለች።

ሳቁ ጣራውን ነቀነቀው። እኔም ፊቴ ቲማቲም መስሎ ሳቅሁ። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ያልኩሽ ቀን ዛሬ ነው» አለችና ወደ በሽተኞቿ ሮጠች።

ቅዳሜ፣ አራተኛው ወር በገባ በ23

የቀን ፈረቃ። አዲሶቹ ነርሶች ልምምዳቸውን ጨርሰው ዛሬ ከእኛ ጋር ገቡ። አልጋ ተከፈተ። እኔ አምስት ሰው ይዤያለሁ።

አምስት! መድኃኒት ሰጠሁ፣ ፋሻ ቀየርኩ፣ ግፊት ለካሁ፣ ጻፍኩ። ሰዓቴን ሳይ ገና ረፋድ ነው። የረሳሁት ነገር ያለ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ካርዶቹን አገላበጥኩ። ምንም አልረሳሁም። ጊዜ ነው የተረፈኝ፤ ስንት ዓመት ስላላየሁት አላወቅሁትም።

መስኮት ሥር ጭናቸው የተሰበረ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የድሮ የጂኦግራፊ መምህር። ብቸኛ ናቸው፤ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትመጣ። ጥፍራቸው አድጎ አንሶላውን ይቧጥጣል። ወንበር ሳብኩ፣ ፎጣ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፣ እጃቸውን ተቀበልኩ። እየቆረጥኩ ስለ ወንዞች ነገሩኝ፣ የትኛው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ። አንዱ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ እንደሚቀር ሲነግሩኝ አዘንኩለት።

ልጃቸው መጥታ በር ላይ ቆመች። ቀስ ብላ ገባችና «ይቅርታ ሲስተር» አለች፣ «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ይኸው እየሠራሁ ነው።»

የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። አሥሩንም ጣት ጨረስኩ። ከዚያ የእግራቸውን ካልሲ ቀስ ብዬ አወለቅሁና ወንበሬን ወደ ግርጌ አዞርኩ።

«ቀጥሉ ጋሼ» አልኳቸው። «ሌላው ወንዝ የት ይገባል?»